የኔታ ቅኔውን ሳይሰሙ አያርሙም

ከሰሞኑ አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ቡድኖቻችን ሲዞር ሰነበተ። የሥነ ልቦና ባለሙያው፣ ካውንስለሩ፣ የሳይካትሪ ነርሱ ሁሉ ተቀባብሎታል። ለእኔ ከአምስት ሰው ደርሶኛል። ሁለቱ «በመጨረሻ እውነቱን የሚናገር ተገኘ» የሚል ጨምረውበታል። ጽሑፉ የሚሞግተው ሰልጣኝ ቴራፒስቶችን፣ ማለትም በንግግር ማከምን የሚማሩትን፣ ብቃትን መሠረት አድርጎ መከታተልን ነው። ይህ አሠራር ሰልጣኙ ምን ምን መቻል እንዳለበት አስቀድሞ የሚነገርበት ነው። ሱፐርቫይዘሩም፣ ማለትም ሰልጣኙን የሚከታተለው ባለሙያ፣ ሥራውን በዓይኑ አይቶ ወይም በጆሮው ሰምቶ፣ የቻለውንና ያልቻለውን በግልጽ ይነግረዋል።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። ብዕራቸው ያስቀናል። ለሙያው ያላቸው ፍቅርም ይታያል። እኔ አራት ኪሎ አካባቢ ባለች አንዲት ክፍል፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰልጣኞችን የምከታተል ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ነኝ። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ብዙው ነገር ልክ አልመሰለኝም። ዝም ብለን ካለፍነው የሚጎዱት ሰልጣኙና ታካሚው ናቸው። ስለዚህ ልመልስ።

መጀመሪያ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ብቃትን በመስፈርት መለካት ሕክምናውን ወደ ሲኦሲ፣ ወደ ሙያ ብቃት ማረጋገጫ ፈተና ያወርደዋል ይላሉ። በየመሥሪያ ቤቱ የአሠራር ለውጥ ተብሎ ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ መጣ፣ ካይዘን መጣ፤ ቅጹ ተሞላ፣ ሥራው እንደነበረ ቀረ፤ ይሄም ከዚያ አይለይም ነው ነገሩ። ሁለተኛ፣ ሙያው እንደ ቅኔ ቤት ከሊቅ እግር ሥር ተቀምጦ የሚወረስ ነው፤ ሰልጣኙ ልምድ ካለው ሰው ጋር ዓመታት ካሳለፈ ይበቃዋል። ሦስተኛ፣ የታካሚን ድምፅ መቅዳት ወይም ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ማስገባት ገመና ማውጣት ነው፤ የእኛ ሰው እንዲህ ከሆነ አይናገርም። አራተኛ፣ ነጥብ መስጠት በሱፐርቫይዘሩና በሰልጣኙ መካከል ያለውን መተማመን ይገድላል፤ ሰልጣኙ ስህተቱን መደበቅ ይጀምራል። አምስተኛ፣ አሠራሩ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ባለሙያ እንደ ጨው በተወደደበት አገር ቅንጦት ነው።

ከሁለተኛው ልጀምር። ሰው ልብ ውስጥ የገባው እሱ ይመስለኛል።

ቅኔ ቤቱን ማንሳታቸው ደስ ብሎኛል። ግን እስቲ እዚያ የሚሆነውን እናስተውል። ተማሪው ቅኔውን ሲቆጥር ይውልና መጥቶ ለየኔታ ይነግራል። የኔታ ይሰማሉ። ቤቱ ከጎደለ፣ ግሱ ከተሳሳተ፣ ሰሙና ወርቁ ካልገጠመ እዚያው ይታረማል። ተማሪው መጥቶ «ዛሬ ጥሩ ቅኔ ቆጥሬአለሁ» ስላለ ብቻ «ጎበዝ፣ ቀጥል» ተብሎ አይሰናበትም። ቅኔውን ማሰማት አለበት። ደረጃም አለ። ባለ 2 ቤቱን ጉባኤ ቃና ሳይችል ባለ 8 ቤቱን መወድስ የሚጀምር የለም። ሕፃኑም ቢሆን ፊደል ሳይለይ ዳዊት አይደግምም። ምን መቻል እንዳለበት ይታወቃል፣ ሥራው ይሰማል፣ እርማቱ እዚያው ይሰጣል፣ ሳይችል አያልፍም። ጸሐፊው «የእኛ መንገድ» ብለው ያነሡት ምሳሌ እኔ የምከራከርለትን አሠራር ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

በእኛ ሙያ በተለምዶ የሚደረገው ሌላ ነው። ሰልጣኙ ከታካሚው ጋር ብቻውን 50 ደቂቃ ይቆያል። በሳምንቱ ሱፐርቫይዘሩ ዘንድ ይመጣና ያስታወሰውን ይተርካል። ሱፐርቫይዘሩ ትረካውን ሰምቶ ይመክራል። እኔም የሰለጠንኩት እንዲህ ነው። ስሙን በማልጠራው ቦታ አንድ ዓመት ሙሉ ሱፐርቪዥን ተደርጎልኛል። በዚያ ዓመት አንድም ደቂቃ ስሠራ ያየኝ ወይም የሰማኝ ሰው አልነበረም። በየሳምንቱ «ጎበዝ፣ በርቺ» እባላለሁ። በመጨረሻ ቅጹ ላይ ሁሉም «በጣም ጥሩ» ተብሎ ተፈረመልኝ። በዚያው ዓመት ሦስት ታካሚዎቼ አቋርጠው ቀርተዋል። ለምን እንደቀሩ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም የምመልሰው አልነበረኝም። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

«ዓመታት ያስተምራሉ» የሚለው በጥናትም ተፈትሿል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሳይመን ጎልድበርግና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት 170 ቴራፒስቶችንና ከ6,500 በላይ ታካሚዎቻቸውን ተመልክቷል። የቴራፒስቶቹ ውጤት ልምዳቸው በጨመረ ቁጥር በአማካይ አልተሻሻለም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ቀንሷል። ሚዛኑን ለመጠበቅ ግን ይሄንንም ልጨምር፤ ልምድ ሲጨምር በጅምር አቋርጦ የሚቀር ታካሚ ቀንሷል። ስለዚህ ልምድ ከንቱ ነው አልልም። ግን ማንም ሳያርምህ ለአሥር ዓመት የደጋገምከው ስህተት ልማድ ነው የሚሆነው። ራሳችንን ማየት ደግሞ ይከብደናል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ሌላ ጥናት 129 የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ራሳቸውን ከሙያ ጓደኞቻቸው ጋር እንዲያወዳድሩ ተጠየቁ። ሩቡ ራሳቸውን ከላይኛው 10 በመቶ ውስጥ አስቀመጡ። ከአማካይ በታች ነኝ ያለ አንድም አልነበረም።

አሁን ወደ ሦስተኛው፣ ወደ መቅዳቱ። ጸሐፊው በጣም የተቆጡት እዚህ ላይ ነው። እኔም በጣም የምለያያቸው እዚሁ ላይ ነው።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ሰው እንዳይለይበት ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ። አንዲት ሰልጣኝ ነበረችኝ። ታነባለች፣ ትተጋለች፣ ሰው ትወዳለች። የምትከታተላቸው እናት በሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ ናቸው። ከፒያሳ ተነሥተው ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። እድሩም፣ የቡና ጎረቤቱም ርቋቸዋል። እንቅልፍ የለም፣ ምግብ የለም። ሰልጣኟ ሐሙስ መጥታ «ዛሬ ጥሩ ነበር፤ አለቀሱ፣ አጽናናኋቸው፣ ቀለል ብሏቸው ሄዱ» አለችኝ። ማስታወሻዋ ላይ «ራስን የማጥፋት ሐሳብ፦ የለም» ተብሎ ተጽፏል።

ቅጂውን አብረን ሰማን። በ10 ደቂቃ ውስጥ 6 ጊዜ «አይዞዎት» ብላለች። ስድስቱንም ጊዜ ያለችው እናትየው አንድ ነገር ሊናገሩ ሲጀምሩ ነው። «ከልጄ ጋር እኮ...» ሲሉ፣ «አይዞዎት»። «ሌሊት ሌሊት ደግሞ...» ሲሉ፣ «አይዞዎት፣ ሁሉም ያልፋል»። አይዞህ፣ አይዞሽ ለእኛ ትልቅ ቃል ነው። ለቅሶ ቤት እንለዋለን፣ ሆስፒታል እንለዋለን፣ ልጅ ሲወድቅ እንለዋለን። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን እናትየው ሊከፍቱት የጀመሩትን በር መልሶ የሚዘጋ ሆነ። ሰልጣኟ ይህን አላስተዋለችም። ሪፖርቷ ላይም ሊኖር አይችልም፤ ያላስተዋሉት ነገር አይተረክምና።

ትንሽ ቆይቶ ጥያቄው መጣ። «መጥፎ መጥፎ ነገር አያስቡም አይደል?» አለች። እናትየው «ኧረ በስመ አብ! ምን ነካሽ ልጄ» አሉ። በቃ። «የለም» ተብሎ የተጻፈው ይሄ ነው። ልጅቷ አልዋሸችም። ጠይቃለች፣ መልስም አግኝታለች። ግን ጥያቄው መልሱን ይዞ ነው የሄደው።

በሃያዎቹ ዕድሜ ላለች ልጅ እናቷን የሚያክሉ ሴት «ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» ብሎ መጠየቅ ቀላል አይደለም። ነውር ይመስላል። ሟርት ይመስላል። ጠየቅኩ ማለት ሐሳቡን ሰጠሁ ማለት ነው ብሎ የሚፈራም ብዙ ነው። በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይፈጥር ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል፤ ይህን ማወቅ ግን አፍ አይፈታም። መለማመድ ያስፈልጋል። እኔ እናትየውን ሆንኩ፣ እሷ ጠየቀችኝ። መጀመሪያ ድምፅዋ ጠፋ። አራት ጊዜ ደጋገምነው። በመጨረሻ በራሷ አማርኛ እንዲህ አስተካከለችው፦ «እንዲህ ሲከብድ ሞትን የሚመኝ ሰው አለ። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብም አለ። እርስዎስ አስበው ያውቃሉ?»

በሚቀጥለው ሳምንት ጠየቀቻቸው። ቅጂው ላይ ረጅም ዝምታ አለ። አይዞዎት የሚል ድምፅ የለም። ከዚያ እናትየው «ሁለት ጊዜ» አሉ።

ያን ቀን ብዙ ሥራ ተሠራ። በፈቃዳቸው ልጃቸው ተጠራ፣ ከሳይካትሪ ሐኪም ጋር ተገናኙ፣ ቤት ውስጥ ያለው መድኃኒት ከእጃቸው እንዲርቅ ተደረገ። አሁንም ይመጣሉ። ጸሐፊውን በአክብሮት የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ አለኝ። በቃል ሪፖርት ብቻ ቢሆን ይህን በምን እንደርስበት ነበር?

ስለ ገመናው ያሉትን ግን አቅልዬ አላየውም። የታካሚ ድምፅ በግል ስልክ የሚቀዳበት፣ በቴሌግራም የሚላክበት ቦታ ካለ እኔም ከእሳቸው ጋር እቃወማለሁ። መቅዳት ሥርዓት አለው። ታካሚው ለምን እንደሚቀዳ፣ ማን እንደሚሰማው፣ መቼ እንደሚጠፋ በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል። በጽሑፍ ይስማማል። እምቢ ካለ ሕክምናው አይቀርበትም። መሐል ላይ «አጥፉት» ካለ ይጠፋል። እኛ ጋ ድምፁ ለዚሁ ብቻ በተገዛ መቅጃ ይቀዳል፣ ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ ከተሰማ በኋላ ይደመሰሳል። «የእኛ ሰው አይስማማም» የሚለውም ከማየው ጋር አይገጥምም። በአግባቡ ሲጠየቅ የሚስማማው ብዙ ነው። አንድ አባት «ልጅቷን የሚያግዛት ሰው ካለማ እሰየው!» ብለውኛል። የማይስማማም አለ። ያኔ ሰልጣኙ አብሮኝ ይቀመጣል፣ ወይም ክህሎቱን በሮል ፕሌይ፣ አንዳችን ታካሚውን ሆነን በመለማመድ አየዋለሁ።

ደግሞ ምስጢሩ መቼ ነው የወጣው? ሰልጣኙ በቃሉ ሲተርክልኝም ያው የሰውየው ጉዳይ ነው የሚነገረኝ። ልዩነቱ፣ በትረካ ሲሆን የሚደርሰኝ ሰልጣኙ የመረጠው ብቻ መሆኑ ነው። ጥቁር አንበሳ ወይም ጳውሎስ የሚማር የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ብቻውን ቀዶ፣ በሳምንቱ መጥቶ «ጥሩ ነበር» ብሎ ሪፖርት ቢያደርግ ማናችንም አንቀበልም። ነፍስ ላይ ለሚሠራ ሰው ለምን እንደምንቀበል አይገባኝም።

ወደ አንደኛው ልመለስ። የቅጽ ፍርሃታቸውን እጋራለሁ። በዚህ አገር «ብቃት» የሚለው ቃል ሲነሣ ሰው ቶሎ የሚታየው ሲኦሲ ነው፣ ፈተና ነው፣ ማኅተም ነው። ሰልጣኙን ቀና ብሎ ሳያይ ሣጥን ላይ ምልክት የሚያደርግ ሱፐርቫይዘር ካለ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ያ ሰው እየተከታተለ አይደለም። ግን ያ የአሠራሩ መበላሸት ነው። የአሠራሩን ምንነት ለማወቅ ባለቤቶቹ ያሉትን ማየት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2004 ካሮል ፋሌንደርና ኤድዋርድ ሻፍራንስኪ ሐሳቡን ሲያደራጁት ብቃት ያሉት እውቀትን፣ ክህሎትንና አመለካከትን አንድ ላይ ነው። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ያጸደቀው የሱፐርቪዥን መመሪያ 7 ዘርፎች አሉት። አንዱ በሱፐርቫይዘሩና በሰልጣኙ መካከል ያለው ግንኙነት ነው። ሌላው የባህልና የማንነት ልዩነት ነው። ከሁሉ በፊት የተቀመጠው ደግሞ የሱፐርቫይዘሩ የራሱ ብቃት ነው። «ሰውን ትቶ ነጥብ የሚቆጥር» የሚለው ክስ እዚህ ላይ አይያዝም።

ለአዲስ አበባ ሰልጣኝ ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ አንድ ምሳሌ ልስጥ። ታካሚው ሽንቁሩ ሚካኤል ወይም እንጦጦ ማርያም ጸበል እየተጠመቀ ነው። ሰልጣኙ ሲሰማ ፊቱ ይቋጠራል? ወይስ ደንግጦ ሕክምናውን ለጸበሉ ለቅቆ ይወጣል? ወይስ «ሲጠመቁ ምን ይሰማዎታል? መድኃኒቱንስ አብረው እየወሰዱ ነው?» ብሎ በአክብሮት ይጠይቃል? ይህ ሊታይ የሚችል ነገር ነው። ሊሰለጥኑበትም ይቻላል። «ባህልን ታከብራለህ?» ተብሎ ቢጠየቅ ሁሉም አዎ ይላል።

ጸሐፊው ያላነሡት፣ ከሁሉም የሚጠነክር ክርክር አለ። እኔው ላንሣላቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 ክርስቲያን ዌብና ባልደረቦቹ 36 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምሩ፣ በባለሙያ ዓይን የተመዘነ የቴራፒስት ብቃት ከታካሚው መሻሻል ጋር ያለው ዝምድና ከዜሮ ብዙም አልራቀም። ይህ ያሳስበኛል። ሱፐርቪዥን ራሱ ታካሚውን ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚያሳየው ማስረጃም ገና ቀጭን ነው። ስለዚህ ነጥቡን እንደ ወንጌል አልይዘውም። ሆኖም በእንዲህ ዓይነት ጥናቶች ውስጥ ያሉት ቴራፒስቶች ብዙውን ጊዜ ተመርጠውና ሰልጥነው የገቡ ናቸው። በጎበዞች መካከል ያለ ልዩነት ትንሽ ነው። የእኔ ጭንቀት ከዚያ በታች ያለው ነው፤ ራስን ስለማጥፋት መጠየቅ የማይችለው፣ ታካሚውን የሚገሥጸው፣ ምስጢር የሚያወጣው።

አራተኛው ነጥብ፣ መተማመን። ነጥብ ከሌለ ሰልጣኙ አይደብቅም የሚለው ሐሳብ ደስ ይላል፤ ግን እንደዚያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 ኒኮላስ ላዳኒና ባልደረቦቹ 108 ሰልጣኞችን ሲጠይቁ 97 በመቶው ከሱፐርቫይዘራቸው የደበቁት ነገር ነበር። የብቃት መስፈርት ገና እንዲህ ሳይስፋፋ መሆኑ ነው። ሰው የሚደብቀው ምን እንደሚጠበቅበት ሳያውቅ፣ የሚፈርድበት ሰው ምን እያሰበ እንደሆነ ሳይገባው ሲቀር ነው። እኛ ጋ ደግሞ ይሉኝታ አለ። ሱፐርቫይዘሩ እንዳያስቀይም «ጥሩ ነው» ይላል። ሰልጣኙ ታላቁን እንዳይዳፈር «እሺ» ይላል። ዓመቱ ሲያልቅ ወይ ሁሉም በጭፍን ያልፋል፣ ወይ አንዱ ሳይጠብቀው ይወድቃል። የወደቀች ልጅ አውቃለሁ። «አንድ ቀን እንኳን ብትነግሩኝ ኖሮ» ነበር ያለችው።

እኔ በመጀመሪያው ቀን ምን መቻል እንዳለባቸው የሚዘረዝረውን ወረቀት ከሰልጣኞቼ ጋር አነባለሁ። በየሳምንቱ የምሰጠው ግብረ መልስ ለመማሪያ እንጂ ለማሳለፊያና ለመጣያ አይደለም። በየወሩ ደግሞ ሰልጣኞቹ እኔን ይመዝኑኛል። መጀመሪያ አካባቢ ሁሉም «በጣም ጥሩ» እያሉ ይጽፋሉ። ሦስተኛው ወር ላይ አንዱ «ብዙ ይናገራሉ፣ እኛ አንናገርም» ብሎ ጻፈ። ልክ ነበር። አሁን የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ ዝም እላለሁ።

የባሕር ማዶው ነገር ብዙ አያከራክረንም። ቴራፒው ራሱ ከባሕር ማዶ ነው የመጣው፤ ጸሐፊው እሱን አልተቃወሙም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1995 ዓ.ም. የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ሥልጠና ሲጀምር ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ነው። ዛሬ ያ ሥልጠና የእኛ ነው። ደግሞ ሁሉም መለኪያ ከአሜሪካ አልመጣም። ኢናክት የሚባለው የመሠረታዊ ቴራፒ ክህሎት መመዘኛ የተሠራው ኔፓል ውስጥ ነው። የተሠራውም ባለሙያ ለሌለበት አገር ታስቦ ነው። በሮል ፕሌይ ይመዘናል፣ የመጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃው ደግሞ «ጎጂ ባሕርይ» ነው። ዓለም አቀፉ የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ያዘጋጁት ኢኩዊፕ የተባለው ፕሮግራምም ይጠቀምበታል። ኢትዮጵያም ፕሮግራሙ ከተሞከረባቸው አገሮች አንዷ ናት።

«ባለሙያ ጥቂት ነው፣ መጀመሪያ ቁጥር እናብዛ» የሚለው ግን ያሳስበኛል፤ እጥረቱ እውነት ነውና። መልሴ ይሄ ነው። አምስት ሰልጣኝ በአንድ ላይ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ከሥራው 10 ደቂቃ ይዞ ይመጣል፣ እናደምጣለን፣ አንድ ነገር ብቻ መርጠን እንለማመዳለን። የሚያስፈልገው መቅጃ፣ የሚዘጋ በርና ሁለት ሰዓት ነው። ባለሙያ ጥቂት ሲሆን ታካሚው ወደ ሌላ ሰው የመሄድ ዕድል የለውም። ያለው አንድ ሰልጣኝ ነው። ያ ሰልጣኝ መስማት ካልቻለ ሰውየው ተመልሶ ላይመጣ ይችላል።

አንድ ነገር ላይ ግን ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ ልክ ናቸው። በጽሑፋቸው መጨረሻ አካባቢ፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ያለፉት ነው። ሱፐርቪዥን በብዙ ቦታ እንደ ሥራ አይቆጠርም። ክፍያ የለውም፣ ሰዓት አይመደብለትም፣ ሱፐርቫይዘሩም እንዴት እንደሚከታተል አልሰለጠነም። 30 ታካሚ አይቶ የደከመ ሰው በምሳ ሰዓቱ ቅጂ እንዲሰማ መጠየቅ ግፍ ነው። እኔም የሐሙሱን ሰዓት ያገኘሁት ከሌላ ሥራዬ ቀንሼ ነው። እባክዎን፣ በዚያች ዐረፍተ ነገር ላይ ሰፋ አድርገው ይጻፉ። ለሚመለከተው አካል የሚገባ ደብዳቤ ካዘጋጁም ስሜን ከስምዎ ሥር አስፍሩት።